የሺን ልትሸኚ ወጥተሽ ለቀረሽው

እማዬ፣

ሰላሙ ካለሽበት ይድረስሽ። ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ስለፈራሁ ነው። የሆነውን ሁሉ ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት አንድ ሰው አንብቦት መጥቶ በሩን የሚያንኳኳ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል። ይህን የምጽፍልሽ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ደጁን ሞልታው ሳለ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነው።

ጻፊ ያሉኝ አንቺ ትሠሪበት የነበረው የዩኒቨርሲቲው ዶርም ልጆች ናቸው። በወንድ ጥቃት ያለቁትን ሴቶች ዘንድሮም በግቢያቸው ሲያስቡ ደብዳቤዬን ሰሌዳ ላይ ሊለጥፉት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውንም ነገር ለማያውቅሽ ሰው ብዬ ስደግመው አትሰልቺኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የተለወጠው በሩ ነው። ወንድምሽ ሙሄ ሐዘኑ በተነሣ በሳምንቱ ከከላላ ተመልሶ መጥቶ ሁለት መቀርቀሪያ ጨመረበት፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ከሩቅ ሳትጣራ ደጃችን አትደርስም። «ሰአዳ፣ እኔ ነኝ፤ በላይነሽ ነኝ» እያለች ነው የምትመጣው። አንድ ቀን ዝም ብላ ብታንኳኳ በእጄ የያዝኩትን ሳህን ለቅቄው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የምታደርገው። ትምህርት ቤትም በአንድ መንገድ አልመላለስም። ዛሬ በመስጊዱ በኩል ከሄድኩ ነገ በገበያው እዞራለሁ። አራተኛ ክፍሎቼ «ቲቸር፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በመስኮት የምታይው?» ይሉኛል። ደመናውን ነው እላቸዋለሁ።

በአንቺ ቦታ የዶርሙን ሴት ልጆች የምትጠብቅ ሌላ ፕሮክተር ተቀጥራለች። ደግ ሴት ናት፤ ግን ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። አንቺ ስምንት ዓመት ሙሉ ከምድር ቤት ሆነሽ ስትጣሪ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማ ነበር። «የማን ጃኬት ነው ዝናብ የሚመታው? ማናት በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ የቆመችው?» ከደሴ የመጣችውም፣ ከወለጋ የመጣችውም «ማዘር» ይሉሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እቀና ነበር። አንድ ቀን ሆዷን የታመመች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ክሊኒክ ወስደሽ አምሽተሽ ስትመጪ፣ እኔ እራቴን ብቻዬን በልቼ አኩርፌ ጠበቅኩሽ። «ለምን እዚያው አታድሪም?» አልኩሽ። አልተቆጣሽም። ሻርፕሽን አውልቀሽ አጠፍሽና «ልጅቱ እናቷን እየጠራች ታለቅሳለች። እናቷ ደግሞ ሩቅ ናት። ታዲያ ማን አቤት ይበላት?» አልሽኝ። ያን ማታ ባላኮረፍኩ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

የሺንም እንዲሁ ነው «አቤት» ያልሻት።

ለማያውቃት ሰው፦ የሺ ከደጎሎ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። አሥረኛ ክፍል ሳለች አባቷ ለአንድ የእህል ነጋዴ ሊድሯት ቃል ሰጡ። እሷ ፈተናዋን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባችና አላገባም አለች። ሰውየው ግን የተሰረቀ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ይከታተላት ጀመር። ስሙን አልጽፈውም። ከአንቺ ስም ጋር አንድ ወረቀት ላይ እንዲውል አልፈልግም። በመኪና እህል ጭኖ በመጣ ቁጥር እዚህ መካነ ሰላም ይሰነብታል፤ ከግቢው ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል፤ በስልክ ይዝትባታል። የሺ ለአንቺ ነገረችሽ። ሁለት ጊዜ ወጥተሽ ፊት ለፊት ቆመሽ መለስሽው። ለፖሊስም አብራችሁ አመለከታችሁ፤ ሲፈለግ ግን አገር ለቋል ተባለና ሁለት ወር ሳይታይ ቆየ።

ሐምሌ ገባ። ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ ወደየአገሩ ተበተነ። የሺ ብቻ ከፎቋ ሳትወርድ ሦስት ቀን ቆየች። መናኸሪያ ይጠብቀኛል ብላ ፈርታ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንቺ ጃንጥላሽን ልትወስጂ ወደ ቤት ብቅ አልሽ። እኔ የልጆቹን ፈተና አርም ነበር። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም።

«የሺን አሳፍሬ መጣሁ። ምሳ ብቻሽን እንዳትበዪ፣ አብረን እንበላለን» አልሽ።

«እሺ» አልኩሽ። ይኸው ነው። ሃያ አራት ዓመት ላሳደገችኝ እናቴ የመጨረሻ ቃሌ እሺ ብቻ ነው።

ከግቢው እስከ መናኸሪያ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የዚያን ቀን ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ አሥር እርምጃ ወዲያ ሰው አይታይም። ሰውየው የወጣው ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። የሺን ወደ ኋላሽ ገፍትረሽ «ሩጪ!» አልሻት፤ አንቺ እዚያው መሐል መንገድ ላይ ቆምሽ። የመንገዱ ዳር ባለ ሱቅ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው በጉሙ ውስጥ ሲሮጥ አይቷል፤ ፊቱን አላየም። ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ እጄን ይዛ «አንቺም ተጎድተሻል?» አለችኝ። እጄ ላይ ያየችው የእርማት ቀይ ቀለም ነበር። እሱን ሳስረዳት ነው ከውስጥ ሌላዋ ነርስ ወጥታ አንገቷን የደፋችው።

ሴት መቃብር አትወርድም ብለው ከልክለውኝ ከላይ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ አየሁ። ብቻዬን አልነበርኩም። ገና ያልሄዱ የዶርም ልጆች መጥተው ግራና ቀኜን ያዙኝ፤ ነጠላ ያጣፋችውም ጅልባብ የለበሰችውም። የግቢው ወጥ ቤቶች፣ ጥበቃዎች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው መምህራን ሁሉ ቆመው ነበር። የሺ ግን የለችም። አባቷ ሌሊቱን ደርሰው ወስደዋታል። ትምህርቷን አቋርጣ በዊዝድሮው ወጥታለች ተባለ። ጠላኋት፣ እማ። አንቺን አፈር ሲያለብሱሽ እንኳ አልቆመችም ብዬ ጠላኋት።

ሰውየው የተያዘው በጥቅምት ነው፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ከዘመድ ቤት ተደብቆ። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ዐቃቤ ሕጓ አስጠራችኝ። ወጣት ሴት ናት፤ በትሕትና አስቀምጣ ነገረችኝ። ጉም ነበር። ባለ ሱቁ ፊት አላየም። እሱ ደግሞ በዚያ ቀን ወረኢሉ ነበርኩ ብሎ ምስክሮች ቆጥሯል። «በዓይኗ ያየችው የሺ ናት። እሷ ካልመጣች ግን…» አለችና ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ስለዚህ ደጎሎ ሄድኩ። በወረኢሉ ዞሬ፣ እዚያ አድሬ፣ በማግስቱ ከደጎሎ በእግሬ። የዶርሙ ልጆች በኅዳር መጨረሻ ለሚያደርጉት መታሰቢያ የጥሪ ወረቀት አሳትመው ነበር፤ ፎቶሽ ያለበት። ለየሺ ብዬ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ። አባቷ አቶ ደምሴ ገብስ እያጨዱ አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጠው ቆባቸውን አወለቁ።

«ልጄ የለችም» አሉ።

የሺ ግን ነበረች። ከበሩ ስንጥቅ ውስጥ ቀሚሷ ይታየኝ ነበር። አልተንቀሳቀሰችም፤ እኔም እንዳየኋት አልተናገርኩም።

«አባባ፣ እናቴ የሞተችው የእርስዎን ልጅ ልታድን ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። የእናትሽን ነፍስ በደጉ ቦታ ያሳርፋት። የእኔዋን ግን በምድር ተዪልኝ። የዚያ ሰው ወንድሞች ከእኛ ሁለት ጋራ ወዲያ ናቸው። ልጄ ፍርድ ቤት ቆማ የተናገረች ዕለት፣ እኔ ለብቻዬ ስንት ሌሊት ነቅቼ እጠብቃታለሁ?»

የሚሉት እኔ ራሴ በየቀኑ የማስበውን ነው። ብቻ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ለዚያ ሰው ቃል የሰጡት እርስዎ ነዎት?» ወደ ሰማይ ቀና አሉና «ዝናብ ሳይመጣብኝ ልጨርሰው» ብለው ማጭዳቸውን አነሡ። የጥሪውን ወረቀት ክምሩ ላይ አስቀምጬላቸው ተመለስኩ።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። የማላውቀው ቁጥር ነው። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። በሦስተኛው ቀን ተናገረ። ድምፁ አይጮህም፣ አይሳደብም። «እንደምን ዋልሽ የዘይነባ ልጅ? ደጎሎ ደርሰሽ መጣሽ አሉ። መንገዱ አላደከመሽም?» አለኝ። ሊዘጋ ሲል ደግሞ «ማክሰኞ ማክሰኞ በገበያው በኩል ነው የምትመለሽው አይደል?» አለ። ያን ዕለት ጠዋት እንኳ በየት እንደምመለስ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። በነጋታው ልጆቹን ሳስተምር ጠመኔው ከእጄ ሦስት ጊዜ ወደቀ።

ሽማግሌዎችም መጡ፣ ወደ ሙሄ፣ ከሰውየው ዘመዶች ተልከው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ዱዓ አድርገው፣ አንቺን አመስግነው ነው የጀመሩት። ደም በደም አይታጠብም፤ ይድረቅ፤ እናንተም ከከሳሽ ወገን አትቁሙ፤ ሴት ልጅም ለብቻዋ ናት፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አላህ ነው የሚያውቀው አሉ። የመጨረሻዋን ሲናገሩ ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ሙሄ ጠመንጃውን ከከላላ ይዞ እንደመጣ አውቃለሁ፤ ቁም ሳጥኑ ጀርባ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ያን ሰው ወይም ወንድሙን ያገኘውና እሱም ይጠፋብኛል ብዬ እሰጋ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ሙሄ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

እማ፣ እንግዲህ ይህን ልነግርሽ ነው እስከዚህ የመጣሁት። «እንታረቅ» አልኩት። «ክሱም ይቅር። የሞተችው አትመለስም። እኔ መኖር እፈልጋለሁ» አልኩት። ሙሄ «እሺ። ከመታሰቢያው በኋላ ቃል እሰጣቸዋለሁ» አለ። ያን ቀን ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ፤ ከዚያም በበላሁት አፈርኩ።

መታሰቢያው በኅዳር መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ወጥ ቤቶቹ ሁሉ ነጭ ሪባን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። በረጅም ሰሌዳ ላይ የሴቶች ፎቶ ተደርድሯል። ተማሪዎች አሉ፤ የተማሪ እህቶች አሉ፤ ከየገጠሩ የመጡ ስሞችም አሉ፣ ፎቶ እንኳ የሌላቸው፤ በፎቶው ቦታ ነጭ ወረቀት ብቻ የተለጠፈላቸው። አንቺ መሐል ላይ ነሽ። ለመታወቂያ የተነሳሽው ነው፤ ኮስተር ያልሽበት። ከሥሩ «ጀግናዋ እናታችን» ተብሎ ተጽፏል። ሼኩ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ ጸለዩ። አንዲት ተማሪ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። ነፋሱ ሻማውን እያጠፋ ያስቸግር ስለነበር ልጆቹ በመዳፋቸው ከልለው ይዘውት ነበር።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

የጻፍኩት ነገር ነበረኝ። ሁለት መስመር አነበብኩና ቀና ብል ከሕዝቡ ጀርባ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው በሰው መሐል እየገፋ ወደ ፊት ሲመጣ አየሁ። ቆቡ ግንባሩን ሸፍኖታል። አንድ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። የዚያ ሰው ወንድም መሰለኝ። ቀኑ ደረሰ አልኩ በልቤ። ማንበቤን አቆምኩ። ሕዝቡ ያለቀስኩ መሰለው። ሁለት ጥበቃዎች ነገሩን አይተው ወደ ሰውየው ተራመዱ። ሰውየው ደርሶ ቆመና እጁን ከጋቢው አወጣ። የያዘው የጥሪ ወረቀቱን ነበር፤ ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ አልቋል። ቆቡን ሲያወልቅ አቶ ደምሴ ናቸው። ከኋላቸው የሺ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ቆማለች።

ድምፅ ማጉያውን አልጠየቁም። እንደ ገበሬ፣ ከጋራ ወደ ጋራ እንደሚጣሩ ሆነው ተናገሩ።

«እኔ የዚች ልጅ አባት ነኝ። ሳትጠየቅ ቃል የሰጠሁባት እኔ ነኝ። ያ ሰው የእኔን ቃል ይዞ ነው ሲከተላት የኖረው። እምቢ ማለቷን ሰምቼም ቃሌን አላነሣሁም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ይህች ሴትዮ» አሉና ወደ ፎቶሽ አመለከቱ፣ «እኔ መቆም በነበረብኝ ቦታ ቆማ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ልጄን እንዳትናገር ቤት ዘጋሁባት። ልጄ ወረቀቱን በየማታው ታነብልኝ ነበር። ትላንት ግን አላነብም አለችኝ፤ 'እርስዎ ካልወሰዱኝ በእግሬ እሄዳለሁ' አለችኝ። አመጣኋት። እሷም ትናገር። እኔም ቃል መስጠቴን እናገራለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ወጥ ቤት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሙሄን ፈለግኩት፤ ሪባኑን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ማታ ቤት ስንገባ ሳልጠይቀው «ሽማግሌዎቹን እርቁ ከፍርዱ በኋላ ይሁን፣ ሄዳችሁ ለሰውየው ዘመዶች ንገሩልኝ እላቸዋለሁ» አለኝ። በማግስቱ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ከላላ ተመለሰ፤ ሲመጣ ባዶ እጁን ነበር።

የሺ ችሎቱ እስኪደርስ እኛ ቤት ተቀመጠች። አልጋሽን ሰጠኋት፤ ሌላ አልጋ የለማ። ጠላኋት ብዬሽ የለ? አንድ ቤት ስንኖር ባሰ። አንድ ቀን ደጅ ልትወጣ የአንቺን የላስቲክ ጫማ ብታደርግ ጮኽኩባት፤ «አውልቂው! እሷን አስገድለሽ ደግሞ ጫማዋን!» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ። የሺ ጫማውን አውልቃ፣ በእጇ አራግፋ፣ ከአልጋው ሥር መልሳ አስቀመጠችው። «እኔም በየቀኑ ለራሴ እንደዚሁ ነው የምለው» አለችኝ። ቁጭ ብለን አለቀስን። ጫማውን ራሴ መልሼ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ እሷ እኛ ቤት ስታድር በሩን አብረን ነው የምንቆልፈው፤ እሷ የታችኛውን እኔ የላይኛውን።

በጥር ለችሎቱ ደሴ ሄድን፤ እኔ፣ የሺና አባቷ። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ሰው ገባና ከኋላችን ተቀመጠ። የሺ ጉልበቴን ጨበጠችው። የተከሳሹ ታናሽ ወንድም ነው። ሰዓታት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። መኪናው ሲቆም ይቆማል፣ ስንወርድ ይወርዳል፣ ስንገባ ይገባል። ትንፋሹ አንገቴ ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። አቶ ደምሴ ከፊት ሆነው በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም። ደሴ ደርሰን ስንወርድ ከኋላዬ ጠጋ አለና «በደህና ተመለሱ» አለን። ማንም ሰው ለማንም የሚለው ቃል ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰው «በደህና ተመለሺ» ሲለኝ ዞሬ ኋላዬን አያለሁ።

ችሎት ውስጥ ያ ሰው ወደ እኛ አላየም። የሺ ስትቆም ከንፈሯ ደርቆ ነበር። መጀመሪያ ድምጿ አልሰማ ብሎ ዳኛው ጮክ እንድትል ጠየቋት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች፤ ዛቻውን፣ ጉሙን፣ ባሕር ዛፉን፣ ጩቤውን። ፊቱን በግልጽ ማየቷን፣ ስሙን ጠርታ መለመኗን። ጠበቃው ሊያዋክባት ሲሞክርም አልተናወጠችም። ከዚያ ዳኛው «ሟች በመንገድ ላይ ምን ትልሽ ነበር?» ብለው ጠየቋት።

እማ፣ እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

የሺ እንዲህ አለች፤ «እጄን ይዛኝ ነበር። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከግቢው በር ስንወጣ ቆም አለችና 'የሺዬ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ልቤ እየመታ ነው። ግን ዛሬ ካልሄድሽ ነገም አትሄጂም፤ ነይ' አለችኝ። እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ቀስ ብላ ቁርአን ትቀራ ነበር። እጇ መንቀጥቀጡን አላቆመም።»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ከዚያ በኋላ የሆነውን እንጂ ይህን የሰሙት አይመስለኝም። እኔ ግን ሌላውን መስማት አቃተኝ። ለካስ ጃንጥላውን ልትወስጂ የመጣሽ ጊዜ ፈርተሽ ነበር። ለካስ ደጃፉ ላይ ከሚገባው በላይ ቆመሽ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ ፈተና አርማለሁ። ቀና ብል ኖሮ ፊትሽ ላይ አየው ነበር። ከደሴ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ያ ወንድምየው ከኋላችን ይኑር አይኑር እንኳ ዞሬ አላየሁም።

አቶ ደምሴም በሁለተኛው ቀን ቆመው ቃል መስጠታቸውን፣ ሰውየው ሊወስዳት መዛቱን መሰከሩ። ወረኢሉ ነበር ያሉለት ሰዎች ቃላቸው ተጣረሰ። በመጋቢት ጥፋተኛ ተባለ፤ ረጅም እስራት ተፈረደበት። ሙሄ «አልሐምዱሊላህ» አለና ፊቱን በጥምጣሙ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ብቻ ደከመኝ፤ ቤት ገብቼ አንድ ቀን ሙሉ ተኛሁ።

ስልኩ አሁንም አልፎ አልፎ ይደወላል። ዝም ይላል፤ ይዘጋል። ወንድምየው ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ እኔም ሰላም እለዋለሁ፤ ከዚያ ቤቴ እየሮጥኩ ነው የምገባው። ያ ሰው ደግሞ ዕድሜ ከሰጠው አንድ ቀን ይፈታል። እሱን ሳስብ በእኩለ ቀን ይጨልምብኛል። ሁሉም ነገር አልፏል ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም።

የሺ ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ዶርም ተመልሳ ገብታለች። አርብ አርብ እኛ ቤት ትመጣለች። አባቷ በሰኔ ሲመጡ ገብስ ይዘው መጥተው ነበር፤ ደጁ ላይ ቆመው «ልጄ፣ አስገቢኝ ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም» አሉ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

የዶርሙ ልጆች ዘንድሮ ለፎቶሽ የሚሆን ሌላ ጽሑፍ ካለኝ እንድሰጣቸው ጠይቀውኛል። «ጀግናዋ» የሚለው ጥሩ ነው፤ እነሱ በፍቅር ነው የጻፉት። ግን ያቺ የሰሌዳዋ ሴት ምንም የማትፈራ ናት፤ እኔ እሷን ሳያት መቀርቀሪያዬንና ዙሪያ መንገዴን አስቤ አፍራለሁ። ከእሷ የተወለድኩ አይመስለኝም። የሺ በችሎት የነገረችን ሴት ግን እናቴ ናት። እሷን አውቃታለሁ። እጇን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ቃል የምገባልሽ ይህን ነው። ሐውልት አድርጌ አላስታውስሽም። ልጆች ሲጠይቁኝ፣ አንድ ቀን የራሴም ልጆች ሲጠይቁኝ፣ አያታችሁ ምን ዓይነት ሴት ነበረች ሲሉኝ፣ ሌላ ነገር አልጨምርም። ፈሪ ነበረች እላቸዋለሁ። እጇ እየተንቀጠቀጠ የሰው ልጅ ይዛ የወጣች።

ልጅሽ ሰአዳ
መካነ ሰላም